«ሜታማቴሪያል»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

የከዚራው፦
ሰላም ቤተሰብ። የእህቴ ልጅ ትናንት ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች «አንተ፣ ሜታማቴሪያል በአማርኛ ምንድነው?» አለችኝ። (ድሬ ላይ አጎትም «አንተ» ነው፣ የመሀል አገር ሰዎች አትደንግጡ።) «ልዕለ ቁስ» ብዬ ሸኘኋት። ሲነጋ ግን ቃሉ ቆረቆረኝ። «ሜታ» በግሪክኛ «ባሻገር» ነው፣ «ከኋላ»ም ይሆናል። ሜታፊዚክስን «ዲበ አካል» እንለው የለ? በዚህ ሂሳብ «ዲበ ቁስ» አይሻልም? «ዲበ» በግዕዝ «ላይ» ማለት ነው።

የጁገሏ፦
ኧረ አቦ! ልዕለም ዲበም አያስኬዱም። ሰው ሲሰማ ከሰማይ የወረደ ማዕድን ይመስለዋል። ነገሩ እኮ ብዙ ጊዜ ተራ መዳብ ነው። ጉዱ ያለው ቅርጹ ላይ ነው፣ ብርሃንንና መሰል ሞገዶችን ባልተለመደ መንገድ የሚያጥፋቸው የተደረደሩት ደቃቅ ቅርጾች ናቸው።

እናቴ አሁን አጠገቤ ሰፌድ እየሰፋች ነው። «ሦስት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር» እያለች ትቆጥራለች። አለላው ከገበያ የመጣው ያው አለላ ነው፣ ጌጡን ያመጣው ቆጠራው ነው። ከበሩ ጋ ሆኜ ሳየው ደግሞ እያንዳንዱ ስፌት አይታየኝም፣ ሐረጉ ብቻ ነው የሚታየኝ። ብርሃንም እንደዚሁ ነው። ቅርጾቹ ከሞገዱ ርዝመት በደንብ ካነሱ አንድ በአንድ አይለያቸውም፣ ወጥ ቁስ ይመስሉታል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ስፌቱ ከዚያ በታች መድቀቅ አለበት። የማይክሮዌቭ ሞገድ ግን በሴንቲሜትር ይለካል፣ ለእሱ ጥቂት ሚሊሜትር የምታክል የመዳብ ቀለበት ትበቃለች። አፏ ክፍት የሆነች፣ ልክ እንደ ሎቲ።

ስለዚህ የኔ ምርጫ «ስፌተ ቁስ» ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም።

የከዚራው፦
ልብስ ሰፊ ቤት አስመሰልሽው እኮ። እሺ፣ «ኔጋቲቭ ሪፍራክሽን»ንስ? ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ መታጠፉን «ስብረት» የሚለውን የትምህርት ቤት ቃል እወደዋለሁ፣ ሻይ ውስጥ የገባ ማንኪያ የተሰበረ ይመስላላ። «አሉታዊ ስብረት» ሲባል ግን ክፉ ዜና ይመስላል።

የጁገሏ፦
«ግልብጥ ስብረት» በለው። ውሃው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር አለ ብለህ አስብ። ከግራ የመጣ ብርሃን መስመሩን ተሻግሮ በቀኝ በኩል ይወርዳል። በግልብጡ ግን ከግራ መጥቶ እዚያው በግራ ይወርዳል። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቬሴላጎ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ይህን በወረቀት ላይ አስልቶት ነበር። የሚሠራለት ቁስ ስላልተገኘ ሠላሳ ምናምን ዓመት ተቀመጠ። በ2001 ካሊፎርኒያ ውስጥ በነዚሁ የመዳብ ቀለበቶችና ሽቦዎች በማይክሮዌቭ ሞገድ ታየ።

የሳቢያን ልጅ፦
ሰው ይሰውራል የሚባለውስ? ለሱ እንኳ ቃል አናጣም፣ ዕፀ መሰውር!

የጁገሏ፦
ቃሉ ቆንጆ ነው፣ ግን ይበዛበታል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፔንድሪ ስሌቱን አመጣ፣ በ2006 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የመዳብ ሲሊንደር በቀለበት በቀለበት ከበቡት። ማይክሮዌቩ ውሃ ድንጋይ ዞሮ እንደሚገጥመው እየዞረው አለፈ። ፍጹም ግን አልነበረም፣ የሚሠራውም ለአንድ ጠባብ ድግግሞሽ ብቻ ነው። በዓይንህ ብታየው ሲሊንደሩ ፍጥጥ ብሎ ተቀምጧል። የተረቱ ዕፀ መሰውር እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሌባ ሁሉ በማግስቱ ይያዝ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ምስሪቱ ነው። (ሌንስ ለማለት ነው፣ «ምስሪት» የሚለው ቃል ለምን እንደተረሳ አይገባኝም።) በ2016 ሃርቫርዶች ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ደቃቅ ምሰሶዎች ደርድረው ጠፍጣፋ ምስሪት ሠሩ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ማለት እኮ ነጭ ቀለም ውስጥ ያለው ዱቄት ነው! ግድግዳህ ላይ ስትቀባው ብርሃኑን ዝም ብሎ ይበትነዋል፣ በልክ ስትደረድረው ግን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል።

የከዚራው፦
እንዲህ ከሆነ «ውቅር ቁስ» ብንለውስ? የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» የምንላቸው አለቱ ሌላ አለት ሆኖ አይደለም፣ ስለተፈለፈለ ነው።

የጁገሏ፦
በቃ፣ ተረታሁ። እናቴ ግን ጮክ ብዬ ሳነብላት አልወደደችውም፣ «ድንጋይ ጠራቢ አደረጋችሁኝ» አለች። ለነገሩ በኔ ወሬ ቆጠራው ጠፍቶባት ሁለት ዙር እየፈታች ነው።