ለአባቴ የጦር፣ ለእናቴ ድራማ፣ ለእህቴ ልብ አንጠልጣይ፦ በአንድ ፍላሽ ምን ላስጭን?

ጠያቂ፦ አባይ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ለፋሲካ ሰሞን አባቴና እናቴ ከታናሽ እህቴ ጋር ከዳንግላ እኔ ጋ ይመጣሉ። ዲሹ ሲግናል አልይዝ ብሎ ቆሟል፤ ስለዚህ ማታ ማታ አብረን የምናየውን ፊልም በፍላሽ ላስጭን ነው። ችግሩ የሦስቱ ምርጫ አለመገናኘቱ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ጦርነት የሌለበት ፊልም ሲሆን «ይሄ ወሬ ነው» ብሎ ይነሳል። እናቴ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ለምዳለች፤ ደም ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ልብ አንጠልጣይ ካልሆነ ስልኳን ነው የምታየው። አባቴና እናቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። ደግሞ አባቴ ቁጭ ባለበት የመኝታ ቤት ነገር ድንገት እንዲመጣብኝ አልፈልግም፤ ያኔ ሪሞት ፍለጋው እንዴት እንደሚያተራምስ ታውቁታላችሁ። ቲቪውም የቆየ ነው፤ ባለፈው አንድ ፊልም ምስሉ እየታየ ድምፅ የሚባል አልነበረውም። ምን ምን ላስጭን? ቲቪውንስ ምን ላድርገው?

ፔዳ በር

ከቲቪው ልጀምርልህ፣ ፊልሙን ሌሎቹ ይነግሩሃል። ቲቪህ ደህና ነው። ያ ፊልም ድምፁ ዲቲኤስ በሚባለው የድምፅ ፎርማት የተጫነ ይሆናል፤ ብዙ ቲቪ እሱን አያነብም፣ ምስሉን ብቻ ያሳይና ዝም ይላል። ስታስጭን «ድምፁ ኤኤሲ የሆነውን ስጠኝ» በል። ምስሉም የተጨመቀበት መንገድ ኤች 265 የሚባለው ከሆነ የቆየ ቲቪ ጭራሽ አልከፍትም ሊልህ ይችላል። ኤች 264 ጠይቅ፤ መጠኑ ከፍ ይላል እንጂ አያስቸግርህም።

ሁለተኛ፣ ፍላሽህ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሃያ ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይልሃል፣ አንተም ፍላሹ የተበላሸ ይመስልሃል። ወይ ከ4 ያነሰ ኮፒ ውሰድ፣ ወይ ቲቪህ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ማንበቡን አረጋግጥና ፎርማቱን ቀይረው።

ሱቅ ውስጥ ከፍተው የሚያሳዩህ በኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉን ያነባል። ስለዚህ እቤት ወስደህ በራስህ ቲቪ የእያንዳንዱን መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ሞክር። ይሄንን በቅዳም ሹር አታድርገው፣ ያን ቀን ሁሉም ሰው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ከጸሎተ ሐሙስ በፊት ጨርስ። ላፕቶፕ ካለህ ግን ይሄን ሁሉ እርሳው፤ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኝና ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈት።

ቀበሌ 14

ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን! ከዚያ ወዲያ የጦር ፊልም የለም። ጨረስኩ።

ቡና አፍዪዋ

አንተ ልጅ ጥያቄውን አንብበኸዋል? እናትየው ደም አይወዱም እያለህ! የዚያ ፊልም መክፈቻ፣ የኖርማንዲው ውጊያ፣ ከሃያ ደቂቃ በላይ አንጀት እየተዘረገፈ የሚታይበት ነው። እናቲቱ ነጠላቸውን አንዴ ከጣሉ እስከ ዳግም ትንሣኤ አያነሱትም።

ወንድሜ አባይ ማዶ፣ ለእናትህ አንድ የኢራን ፊልም ልንገርህ፣ «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» ይባላል፣ የማጂድ ማጂዲ፣ እ.ኤ.አ. የ1997። ልጁ የእህቱን ጫማ ሊያስጠግን ወስዶ ሲመለስ ይጠፋበታል። ቤቱ ድሃ ነው፣ ለአባት መንገር ፈሩ። አንዱን የልጁን ሸራ ጫማ ጠዋት እሷ ለብሳ ትማራለች፣ ከዚያ እየሮጠች መጥታ መንገድ ላይ ትሰጠዋለች፣ እሱ ደግሞ እየሮጠ ለከሰዓት ፈረቃው። በቃ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ትርጉም የሚያስፈልገው ሰው የለም። ለልጅቷ በጣም የሚሰፋት ጫማ ከእግሯ ወልቆ ቱቦ ውስጥ ሲገባና ውሃው ሲወስደው እሷ በዳር በዳር ስትከተል፣ እናቴ «ያዢው! ያዢው!» እያለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር። ልብ አንጠልጣይ የሚሉት የግድ ሽጉጥ ያለበትን ነው እንዴ? ለእህትህም ይሆናል።

መምህር ነኝ (ታሪክ)

አባትህን ከወንበራቸው የማያስነሳቸው ፊልም «ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ ሙስጠፋ አካድ ያዘጋጀው፣ አንቶኒ ኩዊን የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙኽታርን ሆኖ የተጫወተበት ነው። ለእኛ ሰው ግን ትልቁ ነገር ጠላቱ ማን እንደሆነ ነው፤ ግራዚያኒ። ያው ግራዚያኒ! ዑመር ሙኽታርን እ.ኤ.አ. በ1931 ካሰቀለ በኋላ ወደ እኛ የዞረው፣ በደቡብ ግንባር የዘመተው፣ ቆይቶም አዲስ አበባ ላይ እንደራሴ ሆኖ የተቀመጠው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ የወረወሩበት ሰውዬ። በየካቲት 12 ጭፍጨፋና በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ ያደረገውን አባትህ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ይሄ ፊልም ከዚያ በፊት ምን ሲሠራ እንደነበረ ያሳያቸዋል። ኦሊቨር ሪድ ነው ግራዚያኒን ሆኖ የሠራው፤ ረጋ ብሎ ስለሚያወራ የበለጠ ያናድዳል።

ፊልሙ ሲጀመር ሽማግሌው ሕፃናትን ቁርኣን የሚያስተምር መምህር ነው። ከዚያ ፈረሰኞቹ ታንክን እንዴት እንደሚገጥሙ፣ ሕዝቡ በሽቦ ታጥሮ እንዴት እንደሚታጎር እያለ ይሄዳል። ጣልያን አገር እ.ኤ.አ. በ1982 «የሠራዊቱን ክብር ይነካል» ተብሎ ታግዶ ነበር፤ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። ይሄንን ለአባትህ ቀድመህ ብትነግራቸው ራሳቸው «ክፈተው» ይላሉ። ሁለት ነገር ግን እወቅ፦ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ለሁለት ማታ ክፈሉት። ሰው ሲሰቀልም ይታያል፣ ስለዚህ ለእናትህ ቀድመህ ንገራቸው።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጠህ እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ አንዳንድ ቃል ጣል እያደረግክ ማለፍ ነው። ሁሉን አትተርጉም፣ «ይሄ ሊያስታርቅ የመጣ ነው፣ ይሄ ከዳው» ካልካቸው ይበቃል።

ጣና ዳር ዓሣ አስጋሪ

እኔ «ዳንከርክ» እላለሁ። ወሬ የለውም፣ ባሕር አለ፣ ጀልባ አለ። እኛ የውሃ ሰዎች ነን።

ቀበሌ 14

ዳንከርክ? ተኝቼ ነው የጨረስኩት።

ፔዳ በር

ዳንከርክን የሚያከብደው ወሬ ማነሱ አይደለም፣ ጊዜው ነው። ባሕር ዳርቻው ላይ ያለው ታሪክ የአንድ ሳምንት ነው፣ ጀልባው ላይ ያለው የአንድ ቀን፣ አውሮፕላኑ ላይ ያለው የአንድ ሰዓት፤ አዘጋጁ ኖላን ሦስቱን ቀላቅሎ ነው የሚያሳይህ። አባት «ይሄ ሰውዬ ቅድም ሰምጦ አልነበር?» ማለት ከጀመሩ ማታው አበቃ። ከእሱ ይልቅ «1917» ይሻላል፣ የሳም ሜንዴስ፣ የ2019። ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮች ጥቃቱ እንዲቆም የሚያዝ ደብዳቤ ይዘው በጠላት ወረዳ አቋርጠው ይሄዳሉ፤ ካላደረሱ 1,600 ሰው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ካሜራው ሳይቆራረጥ አብሯቸው የሚሄድ ነው የሚመስለው። ቋንቋ የማይሰማ ሰው ታሪኩ አያመልጠውም፣ ለእህትህም ከልብ አንጠልጣይ በላይ ነው። ሬሳና አይጥ አለበት እንጂ እንደ ራያን አይደለም።

ቃኘው ሰፈር

የኮሪያን «ተጉክጊ»፣ የ2004፣ የረሳችሁት ምነው? የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው፣ የኮሪያ ጦርነት። ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት! ደሙ ግን ብዙ ነው፣ አባትህ ብቻቸውን ሲሆኑ ይዩት።

የወታደር ልጅ

ሁላችሁም የፊልም ስም ትደረድራላችሁ፣ አንድ ሰው ግን አባትየውን ጠይቅ አላለም። የእኔም አባት ወታደር ነበር። የጦር ፊልም ይወዳል፣ ግን የሚወደው ዓይነት አለ። የጄኔራሎች ምክክር፣ ካርታ፣ የታንክ ሰልፍ ሲሆን «እዚህ ጋ በጎን ቢመጡ ኖሮ» እያለ እሱም ያዝዛል። የቆሰለ ልጅ እናቱን ሲጠራ የመጣ ጊዜ ግን «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወጥቶ ፊልሙ እስኪያልቅ አይመለስም። ማንም ምንም አይለውም። ስለዚህ «አባዬ፣ ውጊያ የበዛበት ነው፣ ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለምሳሌ «ሃክሶው ሪጅ» ጥሩ ነው ተብሎ ሁሉም ይመክራል፤ መሣሪያ አልይዝም ያለው ዴዝመንድ ዶስ ኦኪናዋ ላይ ወደ 75 የሚሆኑ ቁስለኞችን በገመድ እያወረደ ያተረፈበት፣ እውነተኛ ታሪክ። የመጀመሪያው አጋማሽ ፍቅርና ፍርድ ቤት ነው፣ እናትየው ይወዱታል (መሳሳም አለ፣ ሪሞቱ አይራቅ)። ሁለተኛው አጋማሽ ግን ሥጋ ቤት ነው። እዚያ ላይ የሚነሱት እናትየው ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሌላው ድምፅ ነው። እነዚህ ፊልሞች ንግግራቸው ሹክሹክታ፣ ተኩሳቸው ነጎድጓድ ነው። ለንግግሩ ብለህ ከፍ ካደረግከው መትረየሱ ግቢውን ያናውጠዋል። በዚህ ጊዜ ማታ ከአንድ ቤት የተኩስ ድምፅ ሲወጣ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እዚህ ከተማ ላለ ሰው አይነገርም። የቲቪው የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ «ናይት ሞድ» ወይም ድምፅን እኩል የሚያደርግ ነገር ካለ አብራው። ከሌለ ድምፁን ቀንሰህ አንተ ተርጉም፣ ያው መተርጎምህ አልቀረም።

ቡና አፍዪዋ

የወታደር ልጅ፣ እጅህ ይባረክ።

ለእህትየው አንድ ልጨምር፣ «ዘ ፊውጂቲቭ»፣ የ1993፣ ሃሪሰን ፎርድ። ሚስቱን ገደለ ተብሎ የተፈረደበት ሐኪም ከባቡር አደጋ አምልጦ እውነተኛውን ገዳይ፣ ባለ አንድ እጁን፣ ይፈልጋል፤ ማርሻል የሚሉት የአሜሪካ ፖሊስ ደግሞ እሱን። የሚያሳድደውም የሚሸሸውም ጎበዝ ሲሆን ነው ፊልም የሚጥመው። የዛሬዎቹ ሦስት ጊዜ ይገለብጡና መጨረሻ ላይ «ሁሉም ሕልም ነበር» ይሉሃል፤ ይሄ አያታልልም።

አገርኛ ከሆነ ደግሞ «ድፍረት» አለ፣ እ.ኤ.አ. የ2014፣ የዘረሰናይ ብርሃነ። አማርኛ ነው፣ ማንም አይተረጉምም። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የአሥራ አራት ዓመት ልጅና ጠበቃዋ፣ እውነተኛ ታሪክ። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናት፣ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። ከበድ ይላል፤ የፋሲካ ዕለት ሳይሆን ሌላ ማታ ይሁን። ከታየ በኋላ ግን እናትህና እህትህ ምን እንደሚባባሉ አዳምጥ።

አባይ ማዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴን ደወልኩለት፤ ግራዚያኒ ያለበት ነው ስለው «እሱ ውሻ? አምጣው» አለኝ፣ ስለዚህ አንደኛው ተወሰነ። ችልድረን ኦፍ ሄቨን፣ 1917፣ ፊውጂቲቭና ድፍረት ይጨመራሉ። ሃክሶውን ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መብራት መሐል ላይ ቢሄድስ? እኛ ሰፈር ማታ አያስተማምንም።

ፔዳ በር

ላፕቶፕ ካለህ ቀን ላይ ሞልተህ አስቀምጥ፤ ፊልሞቹን ፍላሹ ላይ ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑም ላይ ገልብጣቸው። መብራት ሲሄድ ትንሽ ስፒከር ካለህ በብሉቱዝ ታያይዝና ትቀጥላላችሁ። በብሉቱዝ ድምፁ ከምስሉ ከዘገየ ቪኤልሲ ላይ «ጄ» እና «ኬ» ቁልፎችን እየነካካህ አስተካክለው።

ሱቅ ስትሄድ የፊልሞቹን ስም ብቻ ሳይሆን ዓመታቸውንም ጽፈህ ስጠው። ባለፈው አንድ ደንበኛ «ኦል ኳይት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት» ብሎ ጠይቆ እቤት ሲከፍተው ጥቁርና ነጭ ሆኖበት ፍላሹን ይዞ ተመለሰ፤ የ1930ውም፣ የ1979ኙም፣ የ2022ቱም ስማቸው አንድ ነው።