ቆሮሶዎቼ (ቲላፒያ ዓሦቼ) ጀርባቸው ላይ ነጭ ነገር ወጣባቸው፤ ስንጥባቸውም (መተንፈሻቸው) እየተበላ ነው

ጠያቂ (ባሕር ዳር ዙሪያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኩሬዬ 200 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ነው። ዓሦቹን በመረብ ይዘን በመጠን ከለየን በኋላ ጀርባቸው ላይ እንደ ኮርቻ የተጫነ ግራጫ ንጣፍ ወጣ። ውሃ መግቢያው ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ጠዋት ጠዋት የሞተ እንለቅማለን። አንዱ ሻጋታ ነው አለኝ፣ ሌላው የዶሮ ቴትራሳይክሊን ውሃው ላይ በትን አለ። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ሻጋታ ቢሆን ጥጥ የመሰለ ፀጉር ነበረው። ያንተ ኮለምናሪስ የሚባለው የዓሣ በሽታ ይመስላል፤ አምጪው ፍላቮባክቴሪየም ኮለምናሬ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሚያጣጥር ዓሣ ያዝና የስንጥቡን ክዳን ግለጥ፦ ጤነኛው ደማቅ ቀይ ነው፣ የታመመው ጫፍ ጫፉ ቢጫ ቡኒ ሆኖ ተሸራርፏል። ባክቴሪያው የሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች ቆዳውንና የስንጥቡን ልም አጥንት ያሟሟሉ። ስለዚህ ውሃው ኦክስጅን እያለውም ዓሣው ይታፈናል። በር የከፈተለት መረቡ ነው፤ ቅርፊት ተላጠ፣ ልጋጉ ተገፈፈ። ማይክሮስኮፕ ካለ ከቁስሉ ዳር ፍቀህ በ400 እጥፍ እይ፤ ቀጫጭን ረዣዥም ባክቴሪያዎች እየተንሸራተቱ ሲቆለሉ ታያለህ።

መልስ 2፦
በመልስ 1 እስማማለሁ። ሩቡን ውሃ ቀይር፣ የሞተውን ጠዋትና ማታ ልቀምና ቅበር፣ መኖ ቀንስ። ከዚያ ፖታሺየም ፐርማንጋኔት (ጀርም ገዳይ ኬሚካል)፦ 2 ሚሊግራም በሊትር፣ ለ200 ሜትር ኩብ 400 ግራም ማለት ነው። ግን ዝም ብለህ አትጨምር። ኩሬው አልጌና ጭቃ ከበዛበት መድኃኒቱን እነሱ ይበሉታል። መጀመሪያ 1 ግራም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟሟ። 10 ሊትር የኩሬ ውሃ በያዙ አራት ባልዲዎች ላይ 20፣ 30፣ 40 እና 60 ሚሊሊትር ጨምር (2፣ 3፣ 4፣ 6 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል)። 8 ሰዓት ሙሉ ሮዝነቱን ሳይለቅ ከቆየው ዝቅተኛው ልክህ ነው። ቶሎ ቡኒ የሆነው አልሠራም። በማለዳ ጀምር፤ አልጌው ሲሞት ኦክስጅን ስለሚወርድ ውሃ መግቢያውን ክፍት አድርግ። በየቀኑ መድገም ራሱ ስንጥብ ያቃጥላል። ለወደፊቱ፣ ከመረብ የወጣ ዓሣ ሁሉ 10 ግራም ጨው በሊትር በገባበት ውሃ ቢበዛ 20 ደቂቃ ይቆይ።

መልስ 3፦
ቴትራሳይክሊኑን ተወው። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚይዘው ዓሣው ጋ አይደርስም፣ ባክቴሪያውን መድኃኒት ማላመድ ብቻ ነው።

ሌላው፣ ሊሞት የደረሰ ዓሣ ክፈት፤ ሞቶ ያደረውማ በሙቀት ስለሚበሰብስ ያሳስትሃል። ሆዱ ቀላ ያለ ውሃ ከቋጠረና ጉበቱ ደም ከነጠበበት ኤሮሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ዓይኑ ፈጦ እየተሽከረከረ ከዋኘ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ጠርጥር። እነዚህ ደም ውስጥ ስለሆኑ ፐርማንጋኔት አይነካቸውም። የእንስሳት ሐኪም ካዘዘ ፍሎርፌኒኮል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በመኖ ይሰጣል፦ በኪሎ የዓሣ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም በቀን፣ ለ10 ቀን። 120 ኪሎ ዓሣ ቢኖርህ በ15 ሒሳብ በቀን 1.8 ግራም ንጹሕ መድኃኒት ነው፤ በትንሽ ዘይት ከመኖው ጋ ይለወሳል። መብላት ያቆመ ዓሣ ግን መድኃኒቱንም አይበላም፣ ስለዚህ መኖውን ቀንስ እንጂ ጨርሰህ አታቋርጥ። ከጨረስክ በኋላ 15 ቀን ሳይሞላ ለገበያ አታውጣ።

ጓንት ሳታደርግም አትንካቸው። የክንፋቸው እሾህ ከወጋህ ስትሬፕቶኮከስ ኢኒዬ ሰውንም ያማል።