ክርክር፦ በኦሞ መንደሮች በየፎቶው መክፈል ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ሌንስ
ሰላም ለሁላችሁ። በታኅሣሥ ወር፣ ስምንት ፎቶ አንሺዎችን ይዤ ለዘጠኝ ቀን ወደ ደቡብ ኦሞ እንድወርድ ተጠይቄያለሁ። መንገዱ የተለመደው ነው፦ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ወይጦ፣ ቀይ አፈር፣ ጂንካ፣ ማጎ፣ ከዚያ ቱርሚ። መልክዓ ምድሩ ላይ ጥያቄ የለኝም። ኮርቾ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የኦሞን ወንዝ ጥምዝ በማለዳ ያየ ሰው ለምን እንደምሄድ አይጠይቀኝም። የቸገረኝ የመንደሮቹ ነገር ነው።

ባለፈው ሙርሲ መንደር ስንገባ "ፎቶ! ፎቶ!" የተጀመረው መኪናው ሳይቆም ነው። አንዷ እናት የከርከሮ ጥርስ ግንባሯ ላይ አሥራ፣ ሌላዋ ቅርጫት ደፍታ፣ ልጆቹ ኖራ ተለቅልቀው ተሰለፉ። ከእኛ አንዱ ካሜራውን በተከታታይ እንዲያነሳ አድርጎት ኖሮ አንዴ ሲጫነው ስምንት ጊዜ አንጣጣው። ሴትዮዋ ስምንቱንም በጆሮዋ ቆጥራለች። የስምንት አምጣ አለችው፣ እሱ የአንድ ነው አለ። ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቅን። ስንወጣ ከእኛም ከእነሱም የሌላውን ስም ያወቀ አልነበረም።

አቋሜ ይህ ነው፦ በየፎቶው መክፈል ይቅር። ቡድኑ ለመንደሩ በአንድ ላይ ይክፈል፣ ገንዘቡም ለውኃ ወይ ለክሊኒክ ይዋል። ሰው በጠቅታ ሲሸጥ ማየት አንገሽግሾኛል።

የጂንካ ልጅ
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከአዲስ አበባ ሲያዩት ያምራል። እኔ እንግዳ ስመራ አሥራ አራት ዓመቴ ነውና ብሩ የሚሄድበትን መንገድ ላሳይህ። ትልቁ ገንዘብ እናንተው ጋ ይቀራል፤ መኪናው፣ ነዳጁ፣ የአስጎብኚ ድርጅቱ ትርፍ። ጂንካ ሲደረስ ለአካባቢ አስጎብኚ ይከፈላል፣ ለፓርኩ ይከፈላል፣ ጠመንጃ ይዞ አብሮ ለሚሄደው ስካውት ይከፈላል። ከዚያ የመንደር መግቢያ አለ። እሱን የሚቀበለው አማርኛ የሚችል አንድ ጎልማሳ ነው፤ ለማን እንደሚያካፍል አንተም እኔም አናውቅም። ይህ ሁሉ አልፎ የከንፈር ሸክላ ባደረገችው ሴት መዳፍ ላይ በቀጥታ የሚያርፈው ገንዘብ የፎቶው ብቻ ነው። አንተ ይቅር የምትለው እሱኑ መርጠህ ነው።

ስለ ቆጠራዋም፣ አልተሳሳተችም። በፊልም ጊዜ አንድ ጠቅታ አንድ ፎቶ ነበር፤ ፈረንጁም ፊልሙ እንዳያልቅበት ይቆጥብ ነበር። ካሜራው ተለወጠ፣ ውሉ እንደነበረ ነው። ስምንት አንስቶ የአንድ ልክፈል ያለው የናንተ ሰው ነው።

ኩሩ ኢትዮጵያዊ
እናንተ ስለ ሳንቲም ትከራከራላችሁ። ዓለም አገራችንን የሚያያት በራቁት ሰው ፎቶ ሆኗል። ይህ ጉብኝት ጭራሽ መከልከል አለበት። ልጆቹ ይማሩ፣ ይልበሱ፣ ያን ጊዜ ፎቶ ይነሱ።

የቱርሚ መምህርት
"ራቁት" ያልከው ሰው ጎረቤቴ ነው ወንድሜ። የሐመር ሴት ያንን የፍየል ቆዳ አልፍታ፣ በዛጎልና በጨሌ አስጊጣ ነው የምትለብሰው። አንገቷ ላይ ያለው ብረት ያገባች መሆኗን፣ የመጀመሪያ ሚስት መሆን አለመሆኗን ሳይቀር ይናገራል። ያንተ ክራባት ይህን ያህል ይናገራል? ይልበሱ የምትለው ለብሰው ለተቀመጡት ነው።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ትልልቆቹ አይደሉም። አዋቂ ሰው ፊቱን በስንት እንደሚያስነሳ ራሱ ይወስን። ጭንቀቴ ልጆቹ ናቸው። ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው፤ ሰኞ ክፍሌ ይሳሳል። የት ሄዱ ስል መኪና ሊጠብቁ። ከቀይ አፈር ወዲህ አስፋልት ዳር የምታዩአቸው፣ ገላቸውን ነጭ ቀለም ተቀብተው ረጃጅም እንጨት ላይ የሚቆሙት የበና ልጆችም እንዲሁ። እንጨቱ የእረኝነት ጨዋታቸው ነው፤ መንገድ ዳር ያወጣው የእናንተ ብር ነው። አንድ ቀን አንዱ መኪና ፊት እንዳይወድቅ እሰጋለሁ።

ሌንስ
መምህርት፣ እንጨት ላይ የቆሙትን ልጆች እኔም አንስቻለሁ። ሁለት ጊዜ። ጥሩ ፎቶ ነበር፣ ምን ልበል።

የጂንካ ልጅ፣ ያልከው ገብቶኛል፤ ነገር ግን በጋራ መክፈል አይቻልም አትበለኝ። ኮንሶ ስሄድ ካራት ከተማ ላይ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ይዤ ነው መንደር የገባሁት። እርከኑን፣ የድንጋዩን ካብ፣ ሰዎቹንም አንስቻለሁ፤ ማንም ጠቅታ አልቆጠረብኝም። ለምን እዚያ ሆኖ እዚህ አይሆንም?

የጂንካ ልጅ
ምክንያቱም ኮንሶ ኮንሶ ነው፣ ሙርሲ ሙርሲ። የኮንሶ መንደር ለዘመናት በድንጋይ ካብ ተከቦ አንድ ቦታ የተቀመጠ ነው፤ ሰፈሩ የታወቀ፣ በጋራ መሥራትና በጋራ መወሰን የለመደ። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበው እሱኑ ነው፣ መልክዓ ምድሩን ከነሕዝቡ ሥራ። ሙርሲ ግን ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ወራቱን በወንዙ ዳርና በግጦሹ መካከል ያካፍላል። አለቃ የለውም። ኮሞሩ የሚሉት አለ፣ እሱ የአምልኮ ሰው እንጂ ገንዘብ ያዥ አይደለም። የጋራውን ገንዘብ ለማን ልትሰጠው ነው? ዛሬ የሰጠኸው መንደር ከወራት በኋላ ስትመለስ ባዶ ቦታ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ።

ደግሞ ብሩ ለምን እንደሚፈለግ እንይ። ድሮ ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ያ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ግድቡ መብራት ሰጥቷል፣ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። እህል ግን አሁን ከገበያ ይገዛል። ስምንት ጠቅታ ስትቆጥርባችሁ የነበረችው ሴት በቆሎ እየቆጠረች ነበር።

ፊልም ብቻ
ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ስንት ነገር አንስቻለሁ። አንድ ነገር ልናዘዝ። ካሮ መንደር አንድ ጎረምሳ አገኘሁ፤ ፊቱ በነጭ ኖራ ነጠብጣብ አጊጧል፣ ከላይ የአርሴናል ማሊያ ለብሷል፣ አጠገቡ ቢጫ ጄሪካን ተቀምጧል። ማሊያውን አውልቅ፣ ጄሪካኑንም ወዲያ አድርግ አልኩት። ሣቀብኝና "ማውለቂያው ለብቻ ይከፈላል" አለኝ በአስተርጓሚ። ከፈልኩ። ፎቶው ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ የሌለው ጄሪካን ነው።

ሌንስ፣ "ሰው ተሸጠ" ስትል ሻጩን ብቻ እያየህ ነው። የከርከሮ ጥርስና የተደፋ ቅርጫት እኮ ማንም ሙርሲ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ የሚያደርገው ጌጥ አይደለም። እኛ ለእንግዳ ነገር አብልጠን ስለምንከፍል የተፈጠረ ነው። በምዕራብ በኩል ሱርማዎቹ ጋ ልጆች ላይ የሚቆለለው አበባና ቅጠልም ብዙው ለሌንስ የሚደረግ ነው። ሱቁን የከፈትነው እኛ ነን፤ አሁን ዕቃው ረከሰ ብለን እናማርራለን።

የላስታ ሰው
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ላሊበላ ላይ ቄሱ መስቀሉን ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ የካሜራው ብልጭታ ዓይኑን እንዳይወጋው ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ እንግዳው ያነሳል፣ ጉርሻ ይሰጣል። ቄሱ በጠቅታ ተሸጠ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለደቡብ ሲሆን ነው ማዘን የሚመጣብን?

ሕግ ነክ
የላስታው ወንድማችን ጥሩ ነካው። እኔ ከሕጉ ወገን ላምጣው፤ ሁላችሁም ስለ ማንሳት ስታወሩ ሕጉ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27ን ክፈቱ። የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይሰቀልም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭ አይቀርብም ይላል። ስለ ጠቅታው አይናገርም፤ የሚናገረው ከጠቅታው በኋላ ስለሚሆነው ነው። እንግዲህ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ሴትዮዋ ያስከፈለችው ሕጉ ለማይጠይቀው ለማንሳቱ ነው። ሕጉ ፈቃድ ለሚጠይቅበት፣ ማለትም ለማተሙ፣ ለኤግዚቢሽኑ፣ ለፎቶ መሸጫ ድረ ገጹ ግን ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አልከፈላትም። የቅጂ መብቱ በአዋጅ 410/1996 መሠረት የፎቶ አንሺው ነው፤ ምስሉ ግን የእሷ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ በአደባባይ ከተደረገ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ምስል፣ ለሳይንስ ወይም ለባህል ጥቅም የሚውል፣ ወዘተ። የሐመርን ከብት ዝላይ (ጎረምሳው በከብቶች ጀርባ ላይ የሚዘልበትን ሥርዓት) ወይም ገበያውን ያነሳ ሰው እዚያ ውስጥ ልጠለል ሊል ይችላል። ጎጆ ደጃፍ አቁሞ ያነሳውን የአንዲት ሴት ፊት ግን እንዴት እንደሚያስገባው አይታየኝም።

ስለዚህ "በየፎቶው መክፈል ይቅር" ከሚለው በፊት "ፎቶው የት ይሄዳል" ተብሎ በራሷ ቋንቋ ይነገራት። ሙርሲኛ የሚያስተረጉም ሰው አለ፤ ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራ የሚያስደርግ ብቻ ሳይሆን የሚያስረዳ ይፈለግ።

ኩሩ ኢትዮጵያዊ
ለመምህርቷ፦ ሰድቤ ከሆነ ይቅርታ። ግን ገጽታ የሚባል ነገር የለም አትበሉኝ። ፎቶው ሥር የሚጻፈውስ? "ከሥልጣኔ ያልተገናኙ" ይላሉ።

የጂንካ ልጅ
በዚህስ ልክ ነህ። ለእንግዳ የምንነግረውን የምንጽፈውም እኛው ነን፣ እኔን ጨምሮ። "የከንፈር ሸክላ የተጀመረው ባሪያ ፈንጋይ ሴቶቹን እንዳይወስድ ለማስቀየም ነው" እያልኩ ዓመታት አስጎበኘሁ። ለዚህ ማስረጃ የለም፤ ሙርሲዎቹ ራሳቸው ሲሰሙት ይገረማሉ። ለእነሱ ሸክላው የሴት ልጅ መድረስና ክብር ነው፤ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላት ከንፈሯ ይበሳል፣ የምታሰፋውም ራሷ በፈለገችው ልክ ነው። ሌላው ደግሞ "የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በነዚህ ብሔረሰቦች ምክንያት ዩኔስኮ መዘገበው" የሚለው ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው በመሬት ውስጥ በተገኘው የቀደምት ሰው ቅሪተ አካል ነው። ይህን ስነግራቸው አንዳንድ እንግዶች ቅር ይላቸዋል፤ የከፈሉበት ነገር የተቀነሰባቸው ያህል።

ሌንስ
እሺ፣ ከአቋሜ ግማሹን ወስዳችሁብኛል። በአንድ ላይ መክፈሉን ተውኩት። የማስበው እንዲህ ነው፦ ከመነሳቱ በፊት ዋጋ በሰው ይቆረጣል፣ በጠቅታ አይደለም፤ አንድ ሰው ይህን ያህል፣ አብረን ይህን ያህል ጊዜ እንቆያለን። የተከታታይ ማንሻው ይጠፋል። ልጅ አናነሳም፣ ለልጅ አንከፍልም። ጥርስና ቅርጫት አውርዱ አንልም፣ ድረቡም አንልም፤ ጄሪካኑም ባለበት ይቀመጥ (ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው)። ትንሽ ማተሚያ ይዤ ሄጄ ፎቶውን እዚያው አትሜ ብሰጥስ?

የጂንካ ልጅ
ማተሚያውን ተወው። አንድ ቡድን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሦስት ሰው ሲደርሰው ወረቀቱ አለቀና የተፈጠረውን ግርግር አትጠይቀኝ። ከታተመ ለሁሉም፣ ካልሆነ ለማንም። በሰው መቁረጡ ግን ይሠራል፤ ከማለዳው ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ባሉበት እኔ እነጋገራለሁ። ዝርዝር ብር ከጂንካ ያዝ፣ እዚያ መላሽ የለም። ሌላም አለ፦ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ሄዷል፣ የፎቶ ዋጋ ግን በብር ነው። እንግዶችህ ዋጋው ሲጨምር "ኧረ ተወደደ" እንዳይሉ ሒሳቡን ቀድመህ ንገራቸው።

ፊልም ብቻ
አብረን እንቆያለን ያልካት ቃል እንዳትረሳ። የመጀመሪያውን ሰዓት ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። እንግዶቹ ይበሳጫሉ፣ ይበሳጩ።

የቱርሚ መምህርት
ልጅ አናነሳም ያልከውን ወድጄዋለሁ። ግን ፕሮግራምህን አየሁት፤ ቱርሚ የምትገቡት ሰኞ ነው። እናንተ ባታነሷቸውም መኪናችሁን አይተው ከክፍል ይወጣሉ፤ የትኛው መኪና እንደማይከፍል ከሩቅ አያውቁም።

ሌንስ
መምህርት፣ ሰኞ እኮ ገበያው ነው። እንግዶቹ ቱርሚን የመረጡት ለገበያው ነው።

የቱርሚ መምህርት
አውቃለሁ።

የጂንካ ልጅ
ቅዳሜ ዲመካ ገበያ አለ፤ ያው ሐመር ነው፣ ትምህርትም የለም። ፕሮግራሙን ገልብጠው።

ሌንስ
ቅዳሜ ማጎ ነበርን። ሆቴሉም መኪናውም ተይዟል… እስቲ ነገ ደውዬ ልጠይቅ።