የአንታሊያ ፓኬጅ፦ ገንዳው ባዶ፣ ከመስኮት ሥር ቁፋሮ። ከጀርመን የጉዞ ድርጅት ስንት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፍራንክፈርት በረራና ሆቴል አንድ ላይ የተገዛ የ14 ቀን ጉዞ ነው፤ ለሁለት ሰው 2,940 ዩሮ። ከ2ኛው ቀን እስከ መጨረሻው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ከመስኮታችን ሥር ቁፋሮ ነበር፤ ገንዳው ደግሞ ጠብታ ውኃ የለውም። ለሪሴፕሽን ያኔውኑ ተናገርን፤ ለራይዘላይተሩ (በቦታው ላለው የጉዞ ድርጅቱ ተወካይ) በዋትሳፕ የጻፍነው ግን በ5ኛው ቀን ነው። አሁን ድርጅቱ የ150 ዩሮ ቫውቸር ላከልን። እንቀበል?

መልስ 1፦
ቫውቸሩን አትንኩት። ደብዳቤው ውስጥ «በዚህ ጉዳዩ ተቋጭቷል» የምትል ዓረፍተ ነገር ካለች፣ ስትጠቀሙበት ተስማምታችኋል ሊሉ ነው። እናንተ የምትጠይቁት የዋጋ ቅናሽ በገንዘብ ነው። ስሌቱም ከሆቴሉ ብቻ ሳይሆን በረራውን ጨምሮ ከጠቅላላው ዋጋ ይነሳል፦ 2,940 ለ14፣ በቀን 210 ዩሮ። የፍራንክፈርት ሰንጠረዥ የሚባለው፣ የከተማዋ ላንድገሪሽት (የክልል ፍርድ ቤት) እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው፣ ለቀን ጩኸት ከ5 እስከ 25 በመቶ፣ ቃል ተገብቶ ለጠፋ ገንዳ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይላል። 20 እና 15 ብትይዙ 35 በመቶ፣ በቀን 73.50 ይመጣል። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ 10 ቀን፣ 735 ዩሮ። ሰንጠረዡ ዳኛን አያስገድድም፤ መነሻ ግን ይሆናል።

መልስ 2፦
ከ2ኛው እስከ 4ኛው ያሉትን ቀናትም ቶሎ አትተዉ። ቅናሹ የሚቆጠረው ለድርጅቱ ካሳወቁበት ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ሳያውቀው ሊያስተካክል አይችልም፤ ሪሴፕሽን ደግሞ የሆቴሉ እንጂ የድርጅቱ ሰው አይደለም። ነገር ግን ችግር ሲኖር ማሳወቅ እንዳለባችሁና ለማን እንደሆነ ድርጅቱ ቀድሞ መንገር ነበረበት። የቡኪንግ ማረጋገጫውን ገልጣችሁ እዩ፤ ይህ ካልተጻፈ የ3ቱን ቀን 220.50 ጨምሩ። በተቃራኒው፣ ከመግዛታችሁ በፊት «ግንባታ አለ» ብለው ጽፈው ከነበረ የጩኸቱ ክፍል ይሳሳል።

መልስ 3፦
የባከነ ዕረፍት ካሳስ? እኔ ብሆን ሙሉውን ነበር የምጠይቀው።

መልስ 2፦
እሱ ለከባድ ጉድለት ነው፤ ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ 50 በመቶ አካባቢ የደረሰ ቅናሽ ይፈልጋሉ። በ35 ላይ ተነስቶ ሙሉውን መጠየቅ ደብዳቤውን ያስንቀዋል።

መልስ 1፦
ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የቡኪንግ ቁጥር፣ ጉድለቱ በቀንና በሰዓት፣ ከላይ ያለው ስሌት፣ የባንክ ሂሳብ፣ ቫውቸሩን እንደማትቀበሉ፣ የመክፈያ ቀነ ገደብ። «በቅርቡ» ሳይሆን ቀኑን ጻፉ፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ደህና ነው። የሚላከው ማረጋገጫው ላይ «ፈርአንሽታልተር» (የጉዞው አዘጋጅ) ተብሎ ለተጻፈው እንጂ ለሸጠላችሁ ድረ ገጽ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአይንሽራይበን (በአደራ ደብዳቤ) ላኩት።

ማስረጃ ላይ፣ ፎቶ ድሪል አያሰማም፤ ድምፅ ያለበት ቪዲዮ፣ የዋትሳፑ ስክሪንሾት ከነሰዓቱ፣ ከተቻለ የጎረቤት ክፍል እንግዳ ምስክርነት አያይዙ። «አንድ ወር አልፏችኋል» ቢሏችሁ አትደንግጡ፤ ከጉዞ መልስ በአንድ ወር ውስጥ ጠይቁ የሚለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ወዲህ ለተገዙ ጉዞዎች ቀርቷል። አሁን ያለው ጉዞው ያበቃል ከተባለበት ቀን አንስቶ 2 ዓመት ነው። ካልከፈሉ፣ ለዚህ መጠን በአምትስገሪሽት (በመጀመሪያ ደረጃው የአካባቢ ፍርድ ቤት) ጠበቃ ግዴታ አይደለም።