«እሺ ካለ ተስማምቷል»? የአስተርጓሚዎች ክርክር

የችሎት አስተርጓሚ፦ ትናንት እዚህ ለጀማሪ አስተርጓሚዎች የተለጠፈው ምክር ይታረም። እንዲህ ይላል፦ «ኮንሰንት፣ አሰንት፣ ኮንከር፣ አኩዊየስ በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት አትጨናነቁ። በአማርኛ ሁሉም መስማማት ነው። ሰውየው እሺ ካለ ተስማምቷል።» ይህን ይዞ አሜሪካ ችሎት የሚቆም ሰው ያሳስራል። ፖሊስ በር አንኳኩቶ «ቤቱን ልፈትሽ?» ሲል ባለቤቱ «እሺ» ቢል፣ ያ «እሺ» ኮንሰንት (በነፃ መፍቀድ) ነው ወይስ አኩዊየሰንስ (ሳይቃወሙ ዝም ብሎ ማለፍ)? ሙግቱ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በምፐር» (Bumper) በተባለው መዝገብ የወሰነው ይህንኑ ነው። ፖሊሶቹ የፍተሻ ትእዛዝ ይዘናል ሲሉ አሮጊቷ «ግቡ» አሉ። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ ላለ ሰው እጅ መስጠት ኮንሰንት አይባልም አለ።

ዓባይ ማዶ፦ ምክሩ የእኔ ነው፤ አልሰርዘውም። አስተርጓሚ ዳኛ አይደለም። «እሺ» ካለ «ኦኬይ» ብለህ ታስተላልፋለህ፤ የሚመዝነው ችሎቱ ነው። የ«በምፐር» መዝገብም የሚያሳየው ይህንን ነው፤ አሮጊቷ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ቃላቸውን የመዘኑት ደግሞ ዳኞች ናቸው። አስተርጓሚው ራሱ መመዘን ከጀመረ ጠበቃ ሆነ ማለት ነው።

የችሎት አስተርጓሚ፦ «ኦኬይ» በሚለው አንጣላም። ግን «እሺን ኦኬይ በል» እና «እሺ ካለ ተስማምቷል» አንድ ምክር አይደሉም። ሁለተኛውን የሰማ ጀማሪ «የስ፣ አይ አግሪ» ብሎ ያስተላልፋል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ያ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛውማ ተነግሮ ቀረ። ወደ አማርኛ ሲመጣስ? «ዱ ዩ ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች?» የሚለውን «በፍተሻው ትስማማለህ?» ብትለው ፍተሻው ያለቀለት፣ እሱ ደግሞ አስተያየቱን ብቻ የተጠየቀ ይመስለዋል። «እንድፈትሽ ትፈቅዳለህ?» ብትለው ግን መከልከልም እንደሚችል ቃሉ ራሱ ይነግረዋል።

ሰዋስው፦ በዚህ ከችሎቱ ሰው ጋር ነኝ። «እሺ» ስልክ ላይ «እየሰማሁህ ነው» ነው። ደጋግመህ «እሺ፣ እሺ» ስትል «በቃ፣ ገባኝ፣ ተወኝ» ነው። ለታላቅ ሰው «እሺ ጌታዬ» ስትል መታዘዝ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባለ ያደገ ሰው ፊቱ ለቆመ ባለሥልጣን መጀመሪያ የሚወጣለት ቃል እሱ ነው። ታዲያ «እሺ ካለ ተስማምቷል» ከየት መጣ?

ዓባይ ማዶ፦ ሰዋስው፣ ይህንን ሁሉ ትርጉም ጀማሪው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይምረጥ ነው የምትለኝ?

ሰዋስው፦ አይምረጥ። አሻሚ ከሆነበት ደንቡን ይከተል፤ ራሱን በሦስተኛ ሰው ጠርቶ «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል» ይበልና ዳኛውን ያስፈቅድ። እስከዚያ ድረስ «ተስማማ» የሚለውን ቃል ሰውየው አፍ ውስጥ አያስገባ።

የቅጽ ተርጓሚ፦ እናንተ ችሎቱን ይዛችሁ ሆስፒታሉን ረሳችሁት። የአሜሪካ ፌደራል ደንብ፣ ቁጥር 45 ክፍል 46፣ በሕፃናት ላይ ለሚደረግ ምርምር ቃላቱን ለይቶ አስቀምጧል። አዋቂ ስለ ራሱ የሚሰጠው ኮንሰንት ነው፣ ወላጅ ስለ ልጁ የሚሰጠው ፐርሚሽን ነው፣ ልጁ ራሱ የሚሰጠው አሰንት ነው። 46.402 ላይ ደግሞ ልጁ አለመቃወሙ ብቻ፣ በግልጽ እስካልተቀበለ ድረስ፣ አሰንት ተብሎ እንደማይቆጠር ተጽፏል። አሁን የሚዞሩትን የአማርኛ ቅጾች ተመልከቱ፤ ሦስቱም ቦታ «ስምምነት» ነው። ወላጅም ልጅም አንድ ዓረፍተ ነገር ሥር ይፈርማሉ፣ ልጁም አባቱ የፈረመበትን አይቶ ይፈርማል።

ዓባይ ማዶ፦ ይኸው! የችሎቱ ሰው ኮንሰንትን «ፈቃድ» አለን። ፐርሚሽንስ? እሱም ፈቃድ ነው። የመንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የእረፍት ፈቃድ ሁሉ አንድ ቃል ነው። «ስምምነት» ይደበላልቃል ብላችሁ ያመጣችሁት ቃል ራሱ ሁለቱን ደበላለቀ።

ሰዋስው፦ ፈቃድ ከላይ የሚሰጥ ወረቀት ብቻ አይደለም። አባታችን ሆይ ላይ «ፈቃድህ» የምንለው የትኛው ነው? የልብ መሻት ነው እንጂ ሊቸንሳ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻን «በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ» ላይ ሲመሠርት እንግሊዝኛው ኮንሰንት ነው የሚለው። «በተጋቢዎች ስምምነት» ቢል ኖሮ የተጋቢዋን የግል ውሳኔ ከቤተሰብ ድርድር አይለየውም ነበር።

የቅጽ ተርጓሚ፦ ዓባይ ማዶ ያነሳው ግን ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ባለቤቱን መጥቀስ ነው። ለአዋቂው «ለመሳተፍ በራሴ ፈቃድ ወስኛለሁ»፣ ለወላጁ «ልጄ እንዲሳተፍ ፈቅጃለሁ»። ለልጁ መዝገበ ቃላቱ «ይሁንታ» ይላችኋል፤ እኔ አልጠቀምበትም። ይሁንታ የምክር ቤት ቃል ሆኗል፤ የ9 ዓመት ልጅ አይገባውም። «መግባት እፈልጋለሁ»፣ «መግባት አልፈልግም» ብላችሁ ሁለት ሳጥን ስጡት። ሁለተኛው ሳጥን ከሌለ አሰንት አልጠየቃችሁም።

የውል ሰው፦ ዝምታ ከተነሳ የ1952 ዓ.ም.ን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንመልከት። አንቀጽ 1682 ዝምታ መቀበል አይደለም ይላል። 1684 ደግሞ ቀድሞ የቆየ የንግድ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል፣ ነባሩን ውል ለመቀጠል ወይም ለማሻሻል የቀረበ ሐሳብ በጊዜው ካልተነቀፈ እንደ ተቀበሉት ይቆጠራል የሚል ልዩ ሁኔታ አለው። እንግዲህ ዝምታ አንዳንዴ ያስራል። የእንግሊዝኛው አኩዊየስ ቤት እዚያ ነው፦ መቃወም ሲገባህ ዝም አልክ፣ አሁን ተቃወምኩ ብትል አትሰማም። በ1962 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የፕሪያ ቪሄር ቤተ መቅደስ ለካምቦዲያ ነው ሲል፣ ታይላንድ ቤተ መቅደሱን በካምቦዲያ በኩል ያሳየውን ካርታ ተቀብላ ለዓመታት ሳትቃወም መቆየቷን ነው የያዘባት። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እዚያ አይሠራም።

የታሪክ አንባቢ፦ ውጫሌን ያነሳ የለም? አንቀጽ 17 አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ኮንሴንቴ ብሎ ግዴታ አደረገው። አድዋ የመጣው በዚህ ቃል ነው።

ሰዋስው፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ውጫሌ ላይ የተጣላው «መቻል» ከ«መስማማት» ጋር ነው፤ አንዱ ነፃነት፣ ሌላው ግዴታ። እዚህ የያዝነው ግን የመስማማትን ደረጃዎች ነው።

የታሪክ አንባቢ፦ ኮንሴንቴ ከኮንሰንት ጋር አንድ ሥር ነው፣ እንዴት ሌላ ይሆናል? ትርጉሙ ላልቶ ሲያልፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚያ በላይ ማሳያ ከየት ይመጣል?

የችሎት አስተርጓሚ፦ እባካችሁ ወደ ጉዳዩ። ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን ሌላ ልጨምር፦ መስተዋድዱ። «አግሪ ዊዝ» ሲመጣ «ሐሳቡ ልክ ነው አለች» በሉ። «አግሪ ቱ» ሲመጣ «እንዲደረግ ተቀበለች»፣ «አግሪ ኦን» ሲመጣ «ተነጋግረው ወሰኑ»። ሐሳቡን ሳትወድ ልትቀበል ትችላለች። «ተስማማች» ብቻ ስትሉ ሁለቱን አንድ አደረጋችሁ።

የውል ሰው፦ ኮንከርንም እንዲሁ። ዳኛ «ኮንከር ኢን ዘ ጀጅመንት» ሲል ውጤቱን ተቀበለ እንጂ ምክንያቱን አልተቀበለም። «ዳኛው በፍርዱ ተስማሙ» ብሎ የሚዘግብ ሰው ግማሹን ዋሸ። «በውጤቱ ተስማምተው በምክንያቱ ተለይተዋል» በሉ። አክሲድም (ሌሎች የተዋዋሉትን ስምምነት በኋላ መቀላቀል) አለ፤ ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን በ1993 እ.ኤ.አ. አስቀድማ ሳትፈርም በአክሴሽን ነው የገባችበት፤ «ፈርማ አጸደቀች» የሚል ጽሑፍ ሁሉ ስህተት ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ለችሎትና ለቅጽ ያላችሁትን እቀበላለሁ፤ ምክሩ ላይ «ከችሎትና ከምርምር ቅጽ ውጭ» የሚል እጨምራለሁ። ለዕለት ተዕለት ንግግር ግን እሺ ካለ ተስማምቷል።

የቅጽ ተርጓሚ፦ «ተቀበልኩ» ወይስ «ተስማማሁ»? ራስህ አሁን ለይተህ ተጠቀምክ እኮ። ደግሞ ዕለት ተዕለት የምትለው ምኑ ነው? ሐኪም ቀዶ ጥገናውን አስረድቶ «ገባህ?» ሲል «እሺ» የሚል በሽተኛ የዕለት ተዕለት ነው። ሐኪሙ «በራስህ አባባል ምን እንደሚደረግልህ ንገረኝ» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው፤ በሽተኛው መልሶ እስኪነግረው ድረስ «እሺ» የሚለው ቃል ላይ ማንም አይፈርም።

ዓባይ ማዶ፦ እሱ የሐኪሙ ሥራ እንጂ የአስተርጓሚው አይደለም።

የቅጽ ተርጓሚ፦ ሐኪሙ አማርኛ አይሰማማ። የሰማው አንተ ነህ።