የኩባንያ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ ተጣብቀናል፤ መንገድ አሳዩን

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ዓይነ ስውር ወጣቶች ስልካቸውን በድምፅ አንባቢ እንዲጠቀሙ የምናሠለጥን ትንሽ ማኅበር አለን። ቶክባክ የሚባለውን፣ በስልኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የለመደ ልጅ መልእክቱን ራሱ ያነባል፤ የባንክ ሒሳቡን ለሌላ ሰው ሳያሳይ ያያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም!

አሁን አንድ የአሜሪካ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ፋውንዴሽን የድጋፍ ጥሪ አውጥቷል። ማመልከቻው ኦዲት የተደረገ የሁለት ዓመት ሒሳብ ይጠይቃል፤ እኛ ገና ጀማሪ ነን። የግብር ሕጋቸውም አለ። እዚያ ያሉ የግል ፋውንዴሽኖች ለውጭ ድርጅት ሲሰጡ፣ ተቀባዩ ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ማረጋገጥ፣ አለዚያም የገንዘቡን አጠቃቀም በቅርብ መከታተል አለባቸው።

አንድ ወዳጄ «ትልቅ ድርጅት ፈልጉና ገንዘቡን እሱ ይቀበልላችሁ» አለኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ድርጅቱ ለአገልግሎቱ ከገንዘቡ ላይ የሚቆርጠው ድርሻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ያ ድርሻ ከዚህ ውስጥ ይቆጠራል ወይ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ስምምነቱን እንዴት እንደጻፋችሁት ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው። ጥሪው ሊዘጋ የቀረው ትንሽ ጊዜ ነው።