ባለ ሦስት ዲስክ ጌሞችን በሬትሮፓይ ላይ በአንድ ስም ለማሰባሰብ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። በልጅነታችን ከታላቅ ወንድሜ ጋር እየተፈራረቅን የተጫወትንባቸውን የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ዲስኮች፣ ጭረት ጨርሶ ሳያበላሻቸው ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ፣ ራስፕቤሪ ፓይ 4 በተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ በጫንኩት፣ የድሮ ጌሞችን በሚያጫውተው ሬትሮፓይ በተባለ ፕሮግራም ለልጆቼ ለማሳየት እየጣርኩ እገኛለሁ።

ጌሞቹ ይሠራሉ፤ የቸገረኝ አደረጃጀታቸው ነው። ባለ ሦስት ዲስኩ ጌም በዝርዝሩ ላይ ሦስት ጊዜ ይመጣ ስለነበር፣ የሦስቱን «ኪው» ፋይሎች (እያንዳንዱን ዲስክ ለመክፈት የሚያገለግሉትን) ስም በየመስመሩ ጽፌ አንድ የ«ኤም3ዩ» ፋይል፣ ማለትም የዲስኮቹን ዝርዝር የያዘ ፋይል፣ አዘጋጀሁ። ሆኖም የቀድሞዎቹ ሳይጠፉ አራተኛ ስም ተጨመረ። ትርፎቹን ከሜኑው አንድ በአንድ ብደብቃቸውም፣ ለውጡ የሚቀመጠው ከሜኑው በሥርዓት ሲወጣ በመሆኑ፣ ባለፈው ማክሰኞ ምሽት መብራት ድንገት ሲጠፋ የሦስት ሰዓት ልፋቴ አብሮ ጠፋ።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው፤ ጌሙን በ«ኤም3ዩ» ፋይሉ ስከፍተው ትልቁ ልጄ እስከ ሁለተኛው ዲስክ ያደረሰው ሴቭ (ጌሙ የደረሰበት ቦታ የተቀመጠበት) አይታይም። የሴቭ ፋይሉ የሚሰየመው በተከፈተው ፋይል ስም ስለሆነ፣ የድሮው የሴቭ ፋይል («ኤስአርኤም») በመጀመሪያው ዲስክ ስም እንደተቀመጠ አይቻለሁ።

ስለዚህ ይህን ፋይል በ«ኤም3ዩ»ው ስም ብሰይመው ሴቩ ሳይበላሽ ይከፈታል? «ኪው» እና (የዲስኮቹን ይዘት የያዙትን) «ቢን» ፋይሎችስ ከዝርዝሩ እንዳይታዩ የት ላስቀምጣቸው? በእጃችሁ ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ቅደም ተከተሉን ብትጽፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እስከዚያው ድረስ የልጄን ሴቭ በፍላሽ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።